ልጄ ሥራ ሲፈታ ይጨንቀዋል

የዛሬው ደብዳቤ የአንዲት እናት ነው። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«የመጀመሪያ ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሦስት ቀን አስጠኚ ይመጣለታል፤ ሁለት ቀን ፒያኖ ይማራል። ቅዳሜ ጠዋት ዋና፣ ከሰዓት የእግር ኳስ ሥልጠና አለው። እሁድ የቤት ሥራውን እንጨርስና ለሰኞ እንዘጋጃለን። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ያየው ሁሉ ያመሰግነዋል። ሰሞኑን ግን ማታ ማታ ‹ሆዴን አመመኝ› ይላል። ሐኪም አይቶት ምንም የለበትም ተባልን። ትንሽ ሲሳሳት ወረቀቱን ይቦጫጭቀዋል፤ በሆነው ባልሆነው ያለቅሳል። ከሁሉም የገረመኝ ደግሞ፣ አንድ ቀን አስጠኚው ቀረና ከሰዓቱ በሙሉ ባዶ ሆነለት። ደስ ይለዋል ስል ‹አሁን ምን ላድርግ?› እያለ ከክፍል ክፍል ተከተለኝ። ስልኬን እስክሰጠው አላረፈም። እናቴ ‹ልቀቂው፣ ይጫወት› ትለኛለች። ባለቤቴ በበኩሉ ለልጆች በራስ መተማመን የሚያስተምር ኮርስ አግኝቷል፤ እናስመዝግበው እያለ ነው። እኔ መሐል ላይ ነኝ። ዝም ብሎ መጫወት ለጭንቀት ምን ይፈይዳል? ልልቀቀው ብልስ፣ ወድቆ ቢሰበርብኝ?»

እህቴ፣

መጀመሪያ ሐኪም ጋ መውሰድሽ ትክክል ነው። የሆድ ሕመም ሁሉ ጭንቀት አይደለም። ሐኪሙ ምንም የለም ካለ በኋላ ግን ጭንቀትን መጠርጠርሽም ትክክል ነው። የሰባት ዓመት ልጅ «ነገ እንዳልሳሳት ሰግቻለሁ» ብሎ አይነግርሽም። ብዙውን ጊዜ ሆዱን፣ ራሱን፣ እግሩን ያመዋል። እያስመሰለ አይደለም፤ የምሩን ያመዋል።

በደብዳቤ ብቻ ልጅሽ ይኼ አለበት ማለት አልችልም። ስለ ሳምንቱ ግን አንድ ነገር ማለት እችላለሁ። ከሰኞ እስከ እሁድ ቆጠርኩት። ልጅሽ ራሱ «ይኼን ላድርግ» ብሎ የሚወስንበት አንድ ሰዓት ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ ከእናትሽ ጎን ነኝ። የምጨምረው ነገር ቢኖር፣ «ልቀቂው» ማለቱ ቀላል ነው፤ መልቀቁ ግን ለልጁም ለአንቺም ልምምድ ይፈልጋል።

«እግር ኳስ አለው፣ ዋና አለው፤ ይኼስ ጨዋታ አይደለም ወይ?» ትይኝ ይሆናል። ጥሩ ነገሮች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ከመካከለኛ እስከ ጠንካራ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል፤ ዋናና ኳስ ለዚያ ያግዙታል። ግን ሥልጠናው ላይ መቼ እንደሚጀመር የሚወስነው አሠልጣኙ ነው። ማን የት እንደሚቆም፣ ምን ጥፋት እንደሆነ፣ ማን እንደሚቀየር፣ መቼ እንደሚያበቃ፣ ሁሉንም ትልቅ ሰው ወስኖ ጨርሶታል። ከልጁ የሚጠበቀው መታዘዝና መጎበዝ ነው። ነጻ ጨዋታ የምለው ሌላ ነው። ልጁ ራሱ ይጀምረዋል። ሕጉን ራሱ ያወጣል፣ ሲያስፈልግም ይለውጣል። ሲሰለቸው ትቶት ይሄዳል። ማንም ውጤት አይሰጥበትም።

አንድ ትልቅ ባዶ ካርቶን ያገኙ ሦስት ልጆችን ልብ ብለሽ አይተሽ ታውቂያለሽ? ካርቶኑ አውቶብስ ነው ይባላል። ወዲያው ጠብ ይነሳል፤ ሁሉም ሾፌር መሆን ይፈልጋል። ትልቁ «ያገኘሁት እኔ ነኝ» ይላል። ትንሿ «እንግዲያው አልጫወትም» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ትልቁ ትንሽ ያስባል። ተሳፋሪ የሌለው አውቶብስ ምን ዋጋ አለው? «እሺ፣ እስከ በሩ እኔ፣ ከዚያ አንቺ» ይላል። ሦስተኛው «እኔስ?» ይላል። «አንተ ትኬት ቆራጭ ነህ።» «አልሆንም! ሁሌ ትኬት ቆራጭ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?» እንደገና ድርድር። ሃያ ደቂቃ ያልፋል፣ አውቶብሱ ገና አልተነሳም። ዳር ቆሞ የሚያይ ትልቅ ሰው «እነዚህ ልጆች መቼ ነው መጫወት የሚጀምሩት?» ይላል። ጀምረዋል እኮ። ዋናው ጨዋታ እሱ ነው።

በዚያች ሃያ ደቂቃ ትልቁ ልጅ ፍላጎቱን ዋጥ አድርጓል። ትንሿ አኩርፎ መመለስ እንደሚቻል አይታለች። ሦስተኛው እምቢ ብሎም ጓደኞቹን አላጣም። «ተራ ጠብቁ፣ ተስማሙ» ብሎ የመከራቸው የለም። የቻሉት ጨዋታው እንዳይፈርስባቸው ስለፈለጉ ነው። የሶቪየቱ የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ በ1933 በሰጠው ትምህርት (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ልጅ ሲጫወት ከራሱ በአንድ ራስ ይረዝማል ያለው ይኼንን ነው። ክፍል ውስጥ አንድ ደቂቃ ዝም ብሎ መቀመጥ ያቃተው ልጅ፣ በጨዋታ «ዘብ ነህ፣ አትንቀሳቀስ» ሲባል ሐውልት ሆኖ ይቆማል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ለጭንቀት ምን ይፈይዳል?

ብዙ ጭንቀት ከሥሩ ሲታይ «ይኼ ነገር ከአቅሜ በላይ ነው» የሚል ስሜት አለበት። ልጅ ደግሞ አቅሙን የሚያውቀው ሞክሮ ነው። ዛፍ ላይ የወጣን ልጅ አስቢ። ልቡ ይመታል፣ መዳፉ ያልበዋል። ወደ ታች ያይና ይቆማል። አንድ ቅርንጫፍ ይጨምራል። ከዚያ «በቃኝ» ብሎ ይወርዳል። የፍርሃቱን መጠን የለካው ራሱ ነው፤ የቆመውም ራሱ ነው። ነገ አንድ ቅርንጫፍ ይጨምር ይሆናል። ፍርሃት መጥቶ እንደሚሄድ፣ ልብ መምታቱ ብቻውን አደጋ እንዳልሆነ ሰውነቱ ይማራል። በቃል ቢነገረው ይኼ አይገባውም። ትልቅ ሰውም በቃል ቢነገረው አይገባውም።

ኤለን ሳንድሴተር የምትባል የኖርዌይ ተመራማሪ ይህን ዓይነቱን ጨዋታ ለዓመታት አጥንታለች። ልጆች ከፍታ ላይ ሲወጡ፣ በፍጥነት ሲሮጡና ሲንሸራተቱ፣ ሲታገሉ፣ ከትልቅ ሰው ዓይን ሲሰወሩ ተከታትላለች። ከባልደረባዋ ሌፍ ኬኔር ጋር በ2011 ባወጡት ጽሑፍ፣ ልጆች በዚህ ጨዋታ ፍርሃታቸውን ቀስ በቀስ እንደሚለማመዱት፣ ዕድሉን ሲያጡ ግን ፍርሃቱ ከዕድሜያቸው በላይ አብሯቸው ሊቆይ እንደሚችል ይከራከራሉ። ፎቢያ (ከልክ ያለፈ ፍርሃት) ያለበትን ሰው የሚያክም ባለሙያም የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው። የሚፈራውን ነገር በጥቂት በጥቂቱ ያስጠጋዋል። ልጆች ይኼንን ያለ ቀጠሮ፣ እየሳቁ ያደርጉታል።

በ2023 ደግሞ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ግሬይና ሁለት ባልደረቦቹ አንድ የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ላይ ጠንከር ያለ ሐሳብ ይዘው ወጡ። ላለፉት አሥርት ዓመታት ልጆች ያለ ትልቅ ሰው ቁጥጥር የሚጫወቱበትና የሚንቀሳቀሱበት ዕድል እየጠበበ መምጣቱ፣ ለአእምሮ ጤናቸው መዳከም አንዱ ዋና ምክንያት ነው አሉ። በዚህ የማይስማሙ አሉ። «ስልኩ ነው፣ ማኅበራዊ ሚዲያው ነው» ይላሉ። ክርክሩ ገና አላለቀም፣ እኔም ልጨርሰው አልሞክርም። የአንቺ ቤት ውስጥ ግን ሁለቱ ተያይዘው ይታዩኛል። ባዶ ሰዓት የማያውቅ ልጅ ባዶ ሰዓት ድንገት ሲመጣበት ስልክ ላይ ይወድቃል።

«አሁን ምን ላድርግ?» የምትለዋ ነገር ከሆድ ሕመሙ እኩል ሳበችኝ። አሜሪካ ውስጥ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 የ6 እና 7 ዓመት ልጆችን የሳምንት ውሎ መዝግበው ነበር። ትልቅ ሰው ያላደራጀው ጊዜ የበዛላቸው ልጆች፣ ግብ ለራሳቸው አውጥተው ሥራን ራሳቸው የመምራት ችሎታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። በተደራጀ ፕሮግራም ብዙ ሰዓት የሚያሳልፉት ላይ የታየው ተቃራኒው ነው። ጥናቱ ትንሽ ነው። የትኛው የትኛውን እንዳመጣም በእርግጠኝነት አያሳይም። የልጅሽን ዕድሜና የልጅሽን ጥያቄ ስላስታወሰኝ ግን ላልፈው አልፈለግሁም። ልጅሽ ሰነፍ አይደለም። ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ ሁሌ ሲነገረው ኖሮ፣ ራሱን የመጠየቅ ልምድ አላገኘም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ሁሉንም ነገር ነገ አታቋርጪ። ያም ሌላ ድንጋጤ ነው። ከሰባቱ ቀን ሁለት ግማሽ ቀን አስለቅቂ። አስጠኚው ከሦስት ቀን ወደ ሁለት ቢወርድ ውጤቱ ጥሩ የሆነ ልጅ አይወድቅም። ከቅዳሜው ሁለት ነገር ደግሞ አንዱ ይቅር። የቱ ይቅር የሚለውን እሱ ይምረጥ። አደራሽን፣ ምርጫውን ከሰጠሽው በኋላ «ዋናው እኮ ይጠቅምህ ነበር» እንዳትይው።

ሁለቱን ግማሽ ቀናት ከማንኛውም ነገር ጠብቂያቸው። ለአንቺ ቀን መቁጠሪያ ላይ ይጻፉ፤ ለእሱ ግን ባዶ ይሁኑ። «ከአሥር እስከ አሥራ አንድ የፈጠራ ጨዋታ» ብለሽ ከጻፍሽው ሌላ ክፍለ ጊዜ ጨመርሽበት እንጂ አልለቀቅሽውም። ስልክና ቴሌቪዥን በዚያ ሰዓት የሉም። ይኼ ላይ አትደራደሪ። ስልክ ርኩስ ነው እያልኩ አይደለም። ስልኩ ቀጥሎ የሚመጣውን ነገር ራሱ ስለሚያቀርብለት፣ ልጁ እንዲለማመደው የምንፈልገውን ነገር ስለሚሠራለት ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ይከብዳል። ይነጫነጫል። «ደበረኝ» ይላል። ሶፋው ላይ ተገልብጦ እግሩን ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። አንቺ ደግሞ የበደልሽው ይመስልሻል። አንጀትሽን ጠበቅ አድርጊ። ድብርቱ የሆነ ቦታ ሲደርስ እጁ የሆነ ነገር መነካካት ይጀምራል። የትራስ ምሽግ ይሆናል፣ የጫማ ሳጥን ይሆናል፣ ከታናሹ ጋር የማይረባ ትግል ይሆናል። ስትሰሚ ዝም በይ። በተለይ ፎቶ ለማንሳት አትሩጪ። ካሜራ የታየው ልጅ መጫወቱን ትቶ መታየት ይጀምራል። ሲጨርስም «ምን ተማርክ?» አትበይው፤ እባክሽ።

መጫወቻ መግዛት አያስፈልግም። ሳይመን ኒኮልሰን የሚባል ሠዓሊና ቀራጺ በ1971 በጻፈው ጽሑፍ፣ ልጆች ፈጠራቸው የሚነሳሳው የሚንቀሳቀስ፣ የሚፈታ፣ የሚገጣጠም ነገር ሲበዛላቸው ነው ብሎ ነበር። አንድ ነገር ብቻ የሚያደርግ ውድ አሻንጉሊት ቶሎ እጅ እጅ ይላል። ገመድ፣ አሮጌ አንሶላ፣ ካርቶን፣ አሸዋ፣ ውሃ፣ እንጨት፣ የጠርሙስ ክዳን። ቤቱ ይዝረከረካል። ሲጨርስ አብሮሽ ያነሳል፤ እሱን ግን ሕግ አድርጊው።

ሌላ ልጅ ካለ በጣም ጥሩ ነው። ዕድሜያቸው እኩል ባይሆንም ግድ የለም፤ እንዲያውም ትልቁ መታገሥን፣ ትንሹ ከትልቁ መቅዳትን ያገኛል። በዚህ በኩል አንቺ ብቻሽን የምትችይው አይደለም። የጓደኞቹ ወላጆችም ልጆቻቸውን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም እያመላለሱ ከሆነ ልጅሽ ወጥቶ ማንንም አያገኝም። ከአንዷ እናት ጋር ተነጋገሪ። «ረቡዕ ረቡዕ እኔ ጋ፣ ቅዳሜ አንቺ ጋ፣ ምንም አናዘጋጅላቸውም» ብትባባሉ ይበቃል።

አንዳንዴ አንቺን ይጠራሻል። ስትችይ ግቢ፤ ግን ታዛዥ ሆነሽ። እሱ መምህር፣ አንቺ ተማሪ ከሆንሽ፣ የሚያደርገውን ልብ ብለሽ እይ። ምናልባት ይጮህብሻል። ወረቀትሽ ላይ ትልቅ ኤክስ ያደርግበታል። «ደግመሽ ጻፊ! ቆሻሻ ጽሑፍ!» ይልሻል። «ለምን ትጮሃለህ፣ እንዲህ አይባልም» ብለሽ አታቋርጪው። ተማሪዋ ምን ትበል ብለሽ ጠይቂው። ማታ ማታ ሆዱን የሚያመው ነገር በዚህ በኩል ሊወጣ ይችላል። የልጆች የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ከትንንሽ ልጆች ጋር ሲሠሩ ወንበር ላይ አስቀምጠው ከመጠየቅ ይልቅ መጫወቻ የሚያቀርቡት በከንቱ አይደለም።

ስለ መውደቁ። ፍርሃትሽ የአንቺ ብቻ አይደለም። በብሪታንያ በ2021 በወጣ ጥናት ወላጆች እነሱ ብቻቸውን ወጥተው እንዲጫወቱ የተፈቀደላቸው በአማካይ በ9 ዓመታቸው ገደማ እንደነበር ተናግረዋል። ለራሳቸው ልጆች የሚፈቅዱት ግን በ11 ገደማ ነው። በአንድ ትውልድ ሁለት ዓመት ሄዷል ማለት ነው።

የካናዳ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ባወጣው መግለጫ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ያያል። አንደኛው ልጁ ዓይቶ፣ መዝኖ፣ «እችላለሁ ወይስ አልችልም?» ብሎ የሚወስንበት ነገር ነው፤ የግንቡ ከፍታ፣ የሩጫው ፍጥነት። ሌላው ልጁ ሊያየው ወይም ሊገምተው የማይችለው ነው፤ የበሰበሰ ቅርንጫፍ፣ የላላ መሰላል፣ መኪና የሚበርበት መንገድ፣ ጥልቅ ውሃ፣ የተጋለጠ ኤሌክትሪክ። ሁለተኛውን ማንሳት የአንቺ ሥራ ነው። ቦታውን ቀድመሽ እይ፣ ያስፈራሽን አስወግጂ፣ ውሃ አጠገብ ዓይንሽን አትንቀዪ። የመጀመሪያውን ግን ተይለት። የተላጠ ጉልበት ይኖራል። አንዳንዴ ከዚያም ሊብስ ይችላል፤ አልዋሽሽም። ሐኪሞቹ ይህን እያወቁ ነው ጥቅሙ ያመዝናል የሚሉት።

«ተጠንቀቅ!» የሚለውን ጩኸትም ቀንሺ። ግንብ ላይ ያለ ልጅ «ተጠንቀቅ» ሲባል ከምን እንደሚጠነቀቅ አያውቅም። ይደነግጣል፣ ዞሮ ያይሻል፣ ያኔ ይወድቃል። «ቀጥሎ እግርህን የት ልታሳርፍ ነው?» በይው። ወደ እግሩ ያያል። ከዚያ በላይ የምትፈልጊው ነገር የለም።

ባለቤትሽ ያገኘው ኮርስ ላይ ገንዘብ ባታወጡ ደስ ይለኛል። ክፋት ኖሮበት አይደለም። በራስ መተማመንን ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ የሚማር የሰባት ዓመት ልጅ ግን ብዙ አይታየኝም። ይኼ ልጅ የጎደለው ስምንተኛ ፕሮግራም አይደለም። ባለቤትሽን ለማሳመን የሚረዳሽ ከሆነ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ1989 ሲጸድቅ አንቀጽ 31 ላይ ዕረፍትንና ጨዋታን የልጅ መብት አድርጎ ጽፏል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2018 ሐኪሞች ለትንንሽ ልጆች ወላጆች ጨዋታን እንደ መድኃኒት እንዲያዝዙ መክሯል። አባቶች አንዳንዴ ከአማት ይልቅ ከአካዳሚ ይሰማሉ።

አሁን ቁም ነገር። ጨዋታ ለሁሉም ነገር መድኃኒት አይደለም። ሰዓቱን ከፈታሽለት በኋላም የሆድ ሕመሙ ለሳምንታት ካልቀነሰ፣ እንቅልፉ ወይም የምግብ ፍላጎቱ ከተዛባ፣ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ፣ የሚወደውን ሁሉ ከተወና ከሰው ከሸሸ፣ ወደ ሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ውሰጂው። ሲጫወት አንድ የሚያስፈራ ነገር ብቻ፣ ያለ ምንም ለውጥ፣ ደስታ በሌለው ፊት ደጋግሞ የሚጫወት ከሆነም እንደዚያው፤ አንድ ያልነገረሽ ነገር ደርሶበት ሊሆን ይችላል። ራሱን ስለመጉዳት ወይም መኖር ስላለመፈለግ ካወራ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ዕለቱን ውሰጂው። መምህሩንም አነጋግሪ። ትምህርት ቤት የሚያስፈራራው ልጅ ካለ ባዶ ከሰዓት ብቻውን አይፈታውም።

እስከዚያው ድረስ፣ በሚቀጥለው ነጻ ከሰዓት ተከትሎሽ «አሁን ምን ላድርግ?» ሲልሽ፣ «እኔ አላውቅም፤ አንተ ግን የሆነ ነገር ማግኘትህ አይቀርም» በይውና ወደ ሥራሽ ዙሪ። ሦስት ጊዜ ቢመለስ ሦስት ጊዜ ያንኑ በይው። ከዋናና ከኳስ የቱን እንዳስቀረም ጻፊልኝ፤ እኔ ዋናው ይቀራል ባይ ነኝ።